የጉልበቴ ቅባት

በደርግ ጊዜ ለአውራጃችን፣ ለአምባሰል፣ እሮጥ ነበር። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ የምንሮጠው ውድድር አራት ቀን ሲቀረው ጉልበቴ አበጠብኝ። አሰልጣኛችን ከደሴ የቻይና ቅባት ማምጣቱን ሰምቼ ስለነበር ሄጄ ጠየቅሁት።

«ያንተን ትናንት ለአባትህ ሰጥቻቸዋለሁ» አለኝ።

አባቴ ምንም አልነገሩኝም። ሰውየው ሸጦት ነው የሚዋሸኝ ብዬ ደሜ ፈላ። በጓደኞቼ ፊት ሌባ ብዬ ሰደብኩት፤ የመሮጫ ካናቴራዬንም አውልቄ እግሩ ሥር ወረወርኩለት።

እያነከስኩ ቤት ስደርስ አባቴ ጓሮ ቁጢጥ ብለው የበቅሏችንን እግር ያሻሉ። የቅባቱ ሽታ ገና ከአጥሩ አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ። ነብር የተሣለባት የቅባቱ ቆርቆሮ ባዶዋን ሣሩ ላይ ወድቃለች።

«ምነው አባ፣ እኔ እያነከስኩ የኔን መድኃኒት ለበቅሎ?» አልኩ።

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«ለጦር ግንባር ልጅ የሚመለምሉት ሰዎች ወደኛ ቀበሌ እየመጡ ነው። የሚወስዱት ደህና እግር ያለውን ነው» አሉኝ። «እነሱ መጥተው እስኪሄዱ ድረስ፣ ወላሂ፣ ያንተ ጉልበት አይድንም።»