ነቀፋ የጠፋባት ጠራጊ

የጦሩ ካርታ፣ የሚኒስትሮች ቃለ ጉባኤና የአገር ህልውና በአንዲት ሴት መወልወያ ሥር እንደሚገኝ ሰፊው ሕዝብ ይወቅ! ይህች ባለ ሥልጣን የምስጢር መዝገብ ቤቱን ወለል የምትወለውል፣ ጉልበቷን የሚያማት ጠራጊ ናት። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ማኅተም ካረፈባቸው ፋይሎች ላይ አቧራ ስታራግፍ አንዱንም ገልጣ አላየች። አቧራው ራሱ ይበቃታል።

ዘንድሮ ግን የመግቢያ ፈቃዷ ይታደስ ተባለ። ቦርሳውን እንደ ሕፃን ያቀፈ አጣሪ መጥቶ ሰፈሯን በር በበር አንኳኳ። ሁሉም አመሰገናት፦ ባለሱቁ፣ አከራይዋ፣ ሌላው ቀርቶ ከገዛ ጥላው የማይስማማው ጡረተኛ ሻምበል። የአጣሪው ፊት ጠቆረ። «አሥራ አንድ ሰው ጠይቄ አንድ ነቀፋ አጣሁ» ብሎ ጻፈ። «ማን አስጠናቸው?»

የክፍሉ ኃላፊ ጠራትና፣ «እስከ ዓርብ የሚያማሽ ሰው ካልተገኘ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ» አላት።

«ጌታዬ፣ ክፉ ካልሠራሁስ?»

«እሱ ነው እኮ የሚያጠራጥረው።»

ከዚህ ብትወጣ በዚህ ዕድሜዋ ማን ይቀጥራታል? አስባ አስባ የወንድሟ ሚስት ትዝ አለቻት። ከተኳረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዷ ሰማይ፣ አንዷ መሬት ታያለች። ሄዳ በሯን አንኳኳች።

«እህትዬ፣ ስሚኝማ። ነገ አንድ ሰውዬ ይመጣል። እንደ ልማድሽ አድርገሽ እሚኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ምላሰኛ ናት በይ፤ ኩራተኛ ናት በይ። ለወንድሜ የምትዪውን ሁሉ ንገሪው።»

ሴትዮዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ጠጉሯ ቃኘቻት።

«አሃ! እኔ ላወራ፣ እሱ ሊጽፍ፣ ከዚያ እኔን ለቀም ሊያደርጉኝ! ማን ነው የላከሽ?»

«ጉልበቴ ነው የላከኝ፤ ተይ እንጂ!»

በሩ ተዘጋ። በማግስቱ አጣሪው ሲመጣ የወንድሟ ሚስት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «እሷ? መልአክ እኮ ናት! ክንፏን የምታወልቀው ወለል ለመወልወል ብቻ ነው» አለችው። አጣሪውም «አሥራ ሁለት» ብሎ ጻፈና በቀይ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

አጣሪው ስለ እሷ የጻፈበት ፋይል ውሳኔ እስኪያገኝ «ጥብቅ ምስጢር» ተብሎ እሷው በምትወለውለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ዛሬ ጠዋት አቧራውን ስታራግፍ፣ በአሥራ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ ዘገየ። አልገለጠችውም። ነገ ዓርብ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ሰው ማማት እንደማያቅትህ እናውቃለን። የዚህችን ሴት ነውር የምታውቅ ከሆነ፣ ተውሳ ያልመለሰችው ወንፊትም ቢሆን፣ የአጣሪው ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ክፍት ነው። ብቻ ማን እንደላከህ ሲጠይቅህ፣ አደራህን...