ያልተነካው ኮዳ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ አልሸፋፍንም። ቂጥ መጥረግ ነው እላለሁ። የሕፃናት ትምህርት ቤት ሞግዚት ነኝ፤ ፖፖ ላይ አስቀምጣለሁ፣ አጥባለሁ፣ የረጠበ አወልቄ የደረቀ አለብሳለሁ። የሚስቅ ይስቃል። ልጁን ሰጥቶኝ የሚሄድ ወላጅ ግን አይስቅም።

እዚህ ሲቀላ የሚባለው ቆላ ሰፈራችን፣ ፀሐዩ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ስለሚያግለው፣ ልጆቹ ከየኮዳቸው ውሃ ሲጎነጩ ይውላሉ። የጠጣ ደግሞ ይሸናል። ለዚህ ነው በየእረፍቱ ሽንት ቤት በር ላይ ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁት። የምናጥበው ልጅ ካለ በሩን ገርበብ አድርገን፣ ሁለት ሞግዚቶች ሆነን ነው፤ ደንባችን ነው፣ ደንቡንም እወደዋለሁ።

ከደጋው ከጨንቻ የመጣች አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናትየው ከደጋ የሚወርደውን ድንችና አፕል እዚህ ገበያ ተቀምጣ ትሸጣለች። ልጅቷ አማርኛ ገና እየለመደች ነው፤ የእኔ ጋሞኛም የሰፈር ጋሞኛ ነው፣ ቢሆንም እንግባባለን። መጀመሪያ ሰሞን ሰልፉ ላይ ተራዋ ሳይደርስ አመለጣት። ልጆቹ ሳቁባት። በማግስቱም አመለጣት፣ አሁንም ሳቁ። ሳጥባት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ነበር፤ አንጀቴን በላችው።

ዳይሬክተሯ እናትየውን አስጠራች። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ግን ወላጆች ክፍሉ ሸተተ ብለው ተነጫንጨውባት ነበር። ራሷን ያልቻለች ልጅ ለሌሎቹም አስቸጋሪ ናት፤ አንድ ጊዜ ከደገማት እቤት ትቆይና ለከርሞ ትምጣ አለቻት። እኔ አፌ አያርፍም፣ የአምስት ዓመት ልጅ እኮ ናት ብዬ ገባሁበት። አንቺ ሥራሽን ሥሪ አለችኝ። እናትየው እሺ ብላ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ለከርሞ ማለት ለእሷ መባረር ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ ልጅቷ ጠብታም አላመለጣት። ጎበዝ ተባለች፣ ተጨበጨበላት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ፤ ማናችንም አልጠረጠርንም።

መጋቢት ገባ፤ ያው የእኛ መጋቢት፣ ሙቀቱ የሚብስበት። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ልጅቷ ፖፖ ላይ ተቀምጣ አልነሳ አለች። ከንፈሯን ነክሳ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። ባየው ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው፣ መልኩም ወፍራም ሻይ። ግንባሯን ብነካ እሳት። ወደ ክፍል መልሼ ለመምህርቷ ነገርኳትና የልጅቷን ቦርሳ አነሳሁ። ከበደኝ። ኮዳዋ እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ እኩለ ቀን ሊሆን ነው።

ከፍቼ ጠጪ አልኳት። አፏን ገጠመች። የኔ እናት፣ ትንሽ ብቻ ብዬ ለመንኳት። ራሷን ነቀነቀችና በጋሞኛ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

«ከጠጣሁ እሸናለሁ። ከሸናሁ እባረራለሁ። እማዬ አትጠጪ ብላኛለች።»

ኮዳውን እንደያዝኩ ሳላንኳኳ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባሁ። አፌን ሳልከፍት የመምህርቷ ጩኸት ተሰማ። ልጅቷ ከወንበሯ ወድቃለች።

ዘበኛው እናትየውን ሊጠራ ወደ ገበያ ሮጠ፤ እኛ ባጃጅ ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ። ዳይሬክተሯ ራሷ መጣች፣ ይህን አልነፍጋትም። ልጅቷ ጭኔ ላይ ናት፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ውሃውን ሳስጠጋላት ዓይኗን ጨፍና ጥርሷን ነከሰች። ራሷን ስታ እንኳ አልጠጣም የምትል ልጅ አይቼ አላውቅም። ፈራሁ። እመቤቴ ማርያም እያልኩ ነው የደረስነው።

ሲስተሯ አየቻትና ፊቷ ተለወጠ። ሰውነቷ ደርቋል አለች፣ የሽንት ኢንፌክሽንም ሳይኖርባት አይቀርም። ጉሉኮስ ሰካችላት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች፤ እስካሁን ሽንት አልወረዳትም፣ አሁንም ካልመጣላት ወደ ሆስፒታል እንልካታለን፣ ለኩላሊቷ ፈርቻለሁ አለች።

እንግዲህ ቁጭ ብለን የአንዲት ሕፃን ሽንት መጠበቅ ያዝን። ጉሉኮሱ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሲስተሯ እየተመላለሰች አንሶላውን ትዳስሳለች፤ ደረቅ ነው። ልጅቷ ተኝታ እንኳ እግሮቿን አጣብቃ ይዛለች።

እናትየው ስትደርስ እጇ ላይ የድንች አፈር ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፣ እኔ ግን ዝም ማለት መቼ አውቅበት። በዚህ ፀሐይ ልጅሽን ውሃ ትከለክያለሽ ወይ፣ እናት አይደለሽም ወይ እያልኩ ወረድኩባት። ልጇን አየች፣ የጉሉኮሱን ቧንቧ አየች፣ ያን የአፈር እጇን በነጠላዋ ደጋግማ ጠረገችና የልጅቷን እግር ያዘች። ጨንቻ እያሉ ሳይጠጡ መዋል ምንም አልነበረም አለች፤ ብርድ አገር ነው፣ ማንንም ውሃ አይጠማውም። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለች።

«እኔም አልጠጣም፣ እትዬ። ገበያው ውስጥ ለሴት ሽንት መውጫ ቦታ የለም። ከንጋት እስከ ማታ ሳልጠጣ ነው ስሸጥ የምውለው። እናቴም እንደዚሁ ነበረች። እንዳትባረርብኝ ብዬ፣ የማውቀውን አስተማርኳት።»

ስንት ጊዜ ከእሷና ከጓደኞቿ ድንች ገዝቻለሁ፤ ከፊታቸው የውሃ ፕላስቲክ አይቼ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ። ዳይሬክተሯ ወለሉን ታያለች።

እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሹክሹክታ መጸለይ ጀመረች። ከሰዓቱ ገፋ ሲል ከተቀመጠችበት ብድግ አለችና ቀሚሷን በእጇ ዳሰሰች። አንሶላው ርሷል።

ሸናች! ብዬ ጮህኩ። ሲስተሯ ሮጣ መጣች። አንሶላውን ነክታ ጎሽ፣ ጎሽ የኔ ልጅ አለች። እናትየው ጌታ ይመስገን እያለች ታለቅሳለች፣ ዳይሬክተሯ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ትስቃለች። እኔማ ጤና ጣቢያ ባይሆን እልል እል ነበር።

በጩኸታችን ልጅቷ ነቃች። ሥሯ እርጥብ መሆኑ ተሰማት፣ ቀና ስትል ሁላችንም ቆመን እንስቃለን። ጉሉኮስ ያልተሰካበትን እጇን አንስታ ፊቷን ሸፈነች። ልክ እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ሰሞን። ሳቃችን እዚያው ደረቀ።

ከእጇ ሥር ሆና ጠየቀች። በአማርኛ ነው የጠየቀችው፣ ለዳይሬክተሯ ስለሆነ።

«ነገ አልመጣም?»

አፌ ድረስ መጥቶልኝ ነበር፣ ዋጥኩት። መልሱ የእኔ አልነበረም። ዳይሬክተሯ ጎንበስ ብላ ስትድን ትመጫለሽ አለቻት።

«ብሸናም?»

«ብትሸኚም ትመጫለሽ።»

ልጅቷ አላመነቻትም፤ ጣቶቿን ከፈት አድርጋ እናቷን አየች። እናትየው ኮዳውን ከእኔ ተቀብላ ከፈተችና በጋሞኛ ጠጪ አለቻት። ጠጣች። እየተንገበገበች፣ አገጯ ላይ እየፈሰሰ ጠጣች። ከዚያ በቃኝ ብላ ኮዳውን ለእናቷ መለሰችላት።

ግማሽ ያህል ቀርቶ ነበር። እናትየው ወደ አፏ አስጠጋችውና መልሳ አወረደችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ማንም እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እዚህ ሽንት ቤት አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለ፣ ከኋላ በኩል ነው አልኳት።

ያን ጊዜ ጠጣች።