ጂንካ ከፍተኛ የነበራት ጊዜ

ማትሪክ የወደቅሁት በደንብ አድርጌ ነው። «ለጥቂት አመለጠኝ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔን ያመለጠኝ ለጥቂት አልነበረም። ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት አባቴ ከአሪ መንደራችን ወርዶ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፎ ይጠብቀኝ ነበር። ፊቴን አየና ምንም ሳይጠይቅ «ጎደሬ ደርሷል፤ ና እንሂድ» አለኝ። አባቴ አማርኛን የተማረው ገበያ ውስጥ ስለሆነ ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔም ላሚቱም ለእሱ «እሱ» ነን።

እኔ ግን ወደ ጎደሬው አልተመለስኩም። «ሥራ እፈልጋለሁ» ብዬ ጂንካ አክስቴ ቤት ቀረሁ። አባቴ አልተቆጣኝም። ያደረገው ነገር ቢኖር ቅዳሜ ገበያ ሲወርድ በዋናው መንገድ መሄድ መተው ነው። በዋናው መንገድ ከመጣ ያገኘው ሰው ሁሉ «ልጅህስ የት ደረሰች?» ይለዋላ! ስለዚህ የጎደሬ ጆንያውን ተሸክሞ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ በሚግጡት ከብቶች መሃል እየተሽሎከለከ በጓሮ በኩል ገበያ ይገባል። ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ! ያ የጓሮ መንገድ አንጀቴን በላው። ከዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አባቴ ቀና ብሎ በዋናው መንገድ እንዲሄድ።

ያን ሰሞን ነው ጋሼ የምንለው መምህራችን ከደጋ የመጣው። ዕድሜውን ሁሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ በጂንካ ሙቀት ከረባቱን የማይፈታ ሰው ነበር። ሁለት የአማርኛ የታይፕ መኪናዎች ይዞ መጥቶ ከአንድ ወፍጮ ቤት አጠገብ ቤት ተከራየ። ሰሌዳ ጻፊው «የግል የታይፕና የመዝገብ አያያዝ ትምህርት ቤት» ብሎ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ጋሼ ድንገት ደነገጠ። ከአብዮቱ ወዲህ «የግል» የሚለው ቃል ሰው ጮክ ብሎ የሚናገረው ቃል አልነበረም፤ በትልቁ ጽፎ ደጅ ላይ መስቀልማ ጭራሽ አይታሰብም። አስፋቀው። ከራስጌው ባዶ ቦታ ቀረ። ጋሼ ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም። «ሁላችሁም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሳችሁ ናችሁ፤ ስለዚህ ትምህርቱ ከፍተኛ ነው» አለን ለመመዝገብ ለመጣነው ማትሪክ ወዳቂዎች፤ ከዚያም በባዶው ቦታ ላይ፣ ከገበያው ጫፍ በሚታይ ቀይ ቀለም፣ «ከፍተኛ» የሚል አስጻፈበት። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ በእግር አጠገቡ ደርሶ ዓይኑን ላላጨነቆረ ሰው አይታይም።

በዚያ ጊዜ ላልነበረ ሰው ልንገር። ያኔ በትልልቅ ከተሞች ከቀበሌ በላይ ያለው እርከን ከፍተኛ ይባል ነበር። ቀበሌ የበደለው ሰው ከፍተኛ ሄዶ አቤት ይላል። ጂንካ ግን ቀበሌ እንጂ ከፍተኛ አልነበራትም፤ አዲስ አበባ ደርሰው የመጡ ነጋዴዎች «እዚያ እኮ ከፍተኛ የሚባል አለ» እያሉ ሲያወሩ ሕዝቡ ምራቁን ይውጣል። እንግዲህ ሰሌዳው የተሰቀለው በዚህ ሕዝብ መሃል ነው።

ስለ ትምህርቱ ልናገር፤ ማንም እንዲንቅብኝ አልፈልግምና። ታይፕ፣ መዝገብ አያያዝ እና የጽሕፈት ቤት ሥነ ሥርዓት እንማር ነበር። መኪናዎቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ የቀረነው በካርቶን ላይ በተሣለ ፊደል ላይ ጣታችንን እናንቀጫቅጫለን፤ መስመር ሲያልቅ እንደ እውነተኛዋ መኪና ደወል በአፋችን «ትን!» እንላለን። ስልክ ማንሣት የተማርነው በበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። የአለቃ በር ማንኳኳትም ተምረናል፤ የትምህርት ቤቱ በር የጆንያ መጋረጃ ስለነበረ የምናንኳኳው የሳሙና ሣጥን ነው። ጋሼ ከሣጥኑ ወዲያ ተቀምጦ «ይግቡ» ይላል። አንድ ቀን ሳላንኳኳ ገብቼ «ውጪና አንኳኪ» ብሎ መልሶኛል።

ከሁለቱ መኪናዎች አንደኛዋ ጨዋ ነበረች። ሁለተኛዋን ያመጣት ሎሪ ወይጦ ወንዝ መሃል ተይዞ ስላደረ አሸዋ ጠጥታለች። ከዚያ ወዲህ «ር» የተባለችው ፊደል ሳይጠሯት ትመጣለች። «ሰላም» ብለህ ስትመታ «ሰርላም» ትልልሃለች። ትምህርት ቤታችንን ስትጽፍማ «ከርፍተኛ» ነው የምትለው፤ የሆነ የሚከረፋ ነገር ይመስላል። እኛም እርስ በርሳችን «እናንተ ከርፍተኞች!» እየተባባልን እንስቅ ነበር።

ሰሌዳው በተሰቀለ በሳምንቱ አባቴ አክስቴ ቤት መጣ። «ምን እየሠራህ ነው?» አለኝ። ምን በወጣኝ ልዋሽ? «ከፍተኛ ገብቻለሁ» አልኩት። እሱ የሰማው ሌላ ነው። ተነሥቶ ወጣ። ወጥቶም ቀጥ ብሎ፣ በዋናው መንገድ፣ በሱቆቹ ሁሉ ፊት፣ ሰላም ያላለውን ሰው እንኳ ቆሞ ሰላም እያለ፣ «ልጄ ከፍተኛ ገባ! ከቀበሌ በላይ ነው!» እያለ አለፈ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ላስተባብል አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።

ጉዱ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ጠዋት በካርቶን ላይ «ትን! ትን!» እያልን ሳለ አንዲት ጎመን ሻጭ ሴት መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

«ከፍተኛ ይሄ ነው?» አለች።

«ነው» አለ ጋሼ፣ ከረባቱን እያስተካከለ፤ ተማሪ የመጣ መስሎታል።

«እንግዲያው ፍረዱኝ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ፍየል ጎመኔን ጨረሰው። ቀበሌ ሄጄ ከሰስኩ። የፈረደው ማነው? ራሱ የፍየሉ ባለቤት! ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ፣ አጥርሽ ላልቷል አለኝ።»

ጋሼ ትምህርት ቤት መሆኑን ሊያስረዳት ሞከረ። ሴትዮዋ በጣቷ ወደ ሰሌዳው እያመለከተች «ታዲያ ያ ቀይ ምን ይላል? መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ እኮ፤ አታታሉኝ» አለችው። ጋሼ እኛንና መኪናዎቹን አየ። ፊቱም በራ። ለልምምድ የምንገለብጠው አንድ ያረጀ ጋዜጣ ብቻ ነበር፤ ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። «ልጆች፣ ዛሬ አዲስ ጽሑፍ አግኝተናል» አለና የሴትዮዋን አቤቱታ በታይፕ አስመታን። ራስጌው «ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት»፣ ግርጌው «ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ»። ደንቡ ነዋ!

ሴትዮዋ ወረቀቱን ወስዳ ለሊቀ መንበሩ ሰጠችው። እሱ የእጅ ጽሑፍ ለምዷል፤ በእጅ የተጻፈ አቤቱታ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። በታይፕ የተመታ ወረቀት ግን በሕይወቱ የመጣለት ከአውራጃ ብቻ ነው። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውን ሲያይ ደሙ ደረቀ። በማግስቱ ፍየሉ ታስሮ ታየ።

በቃ፣ ወሬው እንደ ቋያ እሳት ተዛመተ። ቅዳሜ ጠዋት መጋረጃችን ላይ ሰልፍ ተሰለፈ። አማቱን የሚከስ አለ፣ በጎረቤቱ ዶሮ ጩኸት እንቅልፍ ያጣ አለ፤ አንድ ሽማግሌማ ከዲመካ ድረስ በሎሪ ተጭነው መጥተው የከሰሱት ፀሐይዋን ነው፣ ዝናብ ከለከለችን ብለው። እኛ አንዱንም ሳንመልስ መታን። እጃችን እንደዚያ ጊዜ ፈጥኖ አያውቅም። ከዳር ደግሞ አባቴ የጎደሬ ጆንያውን አውርዶ ሰልፉን ያስተናብራል። «ተራ ጠብቁ! ልጄ አንድ ነው፤ እጁ ሁለት ብቻ ነው!» ይላል። ደስታውን ሳይ እኔም ደስ አለኝ፤ ፍርሃቴም እዚያው ላይ ጨመረ።

ሊቀ መንበሩ ነገሩን ሲደርስበት መጋረጃውን ሳይሆን ግድግዳውን ሊያፈርስ ምንም አልቀረውም። የአንገቱ ደም ሥር ተገታትሯል።

«የማን ከፍተኛ ነው? ማን ነው እኔ ሳላውቅ ከእኔ በላይ ያደረጋችሁ?»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ትምህርቱ ነው ከፍተኛ የተባለው» አለ ጋሼ።

«አውራጃ አመልክቼ አዘጋዋለሁ! በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰሌዳችሁን ለማገዶ ታደርጉታላችሁ!» ብሎ ወጣ።

ያን ቀን ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን ዋልን። ካርቶኑ ላይ እንኳ «ትን» የሚል ጠፋ። እኔ የማስበው ስለ ታይፕ አልነበረም። የማየው አባቴ ጆንያውን ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ተመልሶ በከብቶቹ መሃል ሲሽሎከለክ ነው። አሁን ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ነው፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ ሰልፍ እንኳ አስተናብሯል። አለቀስኩ። አለቅሳለሁ ብዬ ባላስብም እንባዬ ካርቶኑ ላይ ወርዶ «ሀ»ን አጠፋት።

በሦስተኛው ቀን የሳሙና ሣጥኑ ተንኳኳ። ቀና ስንል ሊቀ መንበሩ ነው፤ እንደ ተማሪ አንኳኩቶ ቆሟል። ጉሮሮውን ጠረገ። በእጅ የጻፈውን ማመልከቻ አውራጃ ማንም አላየለትም። ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ውጪ በከተማው ውስጥ የታይፕ መኪና ያለው ደግሞ እኛ ጋ ብቻ ነው።

«አንድ ደብዳቤ በታይፕ እንድትመቱልኝ ነው» አለ፣ ጣራውን እያየ።

«ስለ ምን ጉዳይ?» አለ ጋሼ።

«ስለ... እናንተ።»

ጋሼ ደንበኛ የማይመልስ ሰው ነው፤ ወደ እኔ ተመለከተና «ተቀበያቸው» አለኝ። አንደኛዋ መኪና ሪባኗ አልቆ ነበርና ሁለተኛዋ ፊት ተቀመጥኩ። ሊቀ መንበሩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እየተንጎራደደ ያስጽፈኝ ጀመር። የደብዳቤው መዝጊያ ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ፦ «በቀበሌያችን የሚገኘው ከፍተኛ በአስቸኳይ ይዘጋልን!»

መታሁ። «ይዘ» ስል ያቺ ሳይጠሯት የምትመጣ ፊደል ብድግ አለችና ጣልቃ ገባች። ወረቀቱ ላይ ያለው «በአስቸኳይ ይዘርጋልን» ሆነ። ከፍተኛው ይዘርጋልን! ቀበሌው ራሱ፣ በሊቀ መንበሩ ፊርማ፣ ከፍተኛ ይቋቋምልን እያለ ነው። ዝም ማለት አማረኝ፤ ግን የጽሕፈት ቤት ሥነ ሥርዓት ተምሬያለሁ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ አንድ ፊደል ተርፋለች፤ ላስተካክለው?» አልኩት።

«ትትረፋ!» ብሎ ተቆጣ። «ፊደልም እንደ ስኳር በራሽን ሆነ እንዴ? ታይፕ አይሳሳትም። አምጪው!» ሳያነብ ፈረመ፣ ክቡን ማኅተም እፍ እፍ ብሎ አሳረፈበት፣ ይዞት ሄደ።

መልሱ ከአውራጃ በራሱ በታይፕ ተመትቶ መጣ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሕዝቡን ወደፊት ለማራመድ ላሳየው ተነሣሽነት ይመሰገናል፤ ጥያቄው ለበላይ አካል ቀርቧል፤ እስከዚያው ያለው ባለበት ይቀጥል። ሊቀ መንበሩ ደብዳቤውን ይዞ ቀበሌው ደጃፍ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ነበር አሉ። ተቃውሞ ልጻፍ ቢል የተመሰገነበትን ነገር ሊቃወም ነው። ስለዚህ የሚያዋጣውን መረጠ፤ ደረቱን ነፍቶ «ያስቀጠልኩት እኔ ነኝ» ማለት ጀመረ።

ባለበት ቀጠለ። ዝናቡ አልፎ ስንመረቅ የክብር እንግዳው ማን ሊሆን ነው? እሱ ነዋ! ምስክር ወረቀታችንን አንድ በአንድ እየጨበጠን ሰጠን። የእኔ ወረቀት ተራው ደርሶ የተመታው በሁለተኛዋ መኪና ነበር።

አባቴ ታጥቦ በተተኮሰ ሸሚዝ ከፊት ተቀምጧል። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና በመሠረተ ትምህርት በተማረው ንባብ፣ ጣቱን ከፊደል ፊደል እያሻገረ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «ከ... ር... ፍ... ተ... ኛ። ከርፍተኛ።» ቆመ። ደግሞ አነበበው። ጓደኞቼ መሬት መሬት አዩ። እኔ ወደ አባቴ ተጠጋሁ። አሁን ሁሉንም ነገር መናገሬ ነው፣ መሥሪያ ቤት እንዳልሆነ፣ መኪናዋ አሸዋ እንደ ጠጣች፣ ሁሉንም። አባቴ ግን ወደ እኔ አልዞረም፤ ወደ ክብር እንግዳው ነው የዞረው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ከፍተኛ አውቃለሁ። ከርፍተኛ ምንድነው?»

ሊቀ መንበሩ በሕይወቱ «አላውቅም» ብሎ አያውቅም። ወረቀቱን ተቀብሎ አየ፣ አገላበጠ፣ ማኅተሙን አየ፣ በታይፕ መመታቱንም አየ።

«እሱ ከከፍተኛ በላይ ያለ ነው» አለ። «ገና አልተዘረጋም።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ፣ ሲጠረጥር የኖረው ነገር እንደ ተረጋገጠለት ሰው። ወረቀቱን በሁለት እጁ ከደረቱ ፊት ይዞ ወጣና ዋናውን መንገድ ያዘ። እኔ ከኋላው ተከተልኩ። ሱቅ በደረሰ ቁጥር እየቆመ «ልጄ ከርፍተኛ ነው» ይላል፤ እኔ አንዴም አላረምኩትም።