ወደ መርዶዬ የሄድኩበት ባቡር

የአባቴን ሞት ሊያረዱኝ ከጄኔቭ ዙሪክ ድረስ በባቡር ወሰዱኝ። እኔ ሽርሽር የምሄድ መስሎኝ ነበር። በስደት ከኖርኳቸው ዓመታት ውስጥ ደስ ብሎሽ የዋልሽበትን ቀን ንገሪን ብባል፣ ሳላመነታ ያንን ቀን ነው የምጠራው። ይቅር ማለት የሚተናነቀኝም ለዚሁ ነው።

ከአገር የወጣሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ለምንና እንዴት የሚለውን ለስደተኞች ጉዳይ ሰዎች ደጋግሜ ስለተናገርኩት እዚህ አልመልሰውም፤ የራሴው ታሪክ ራሴን ሰልችቶኛል። የምኖረው ጄኔቭ፣ ሻትሌን በሚባል ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ ውስጥ ነበር። በአንድ የአረጋውያን ማረፊያ እየሠራሁ የአስታማሚነት ሙያ እማራለሁ። የመጨረሻውን ፈተና ካለፍኩ ቋሚ ሥራ አገኛለሁ፤ ሥራ ካገኘሁ ፔርሚዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ይሻሻላል፤ ፔርሚው ከተሻሻለ ደግሞ፣ ናይሮቢም ይሁን ሌላ ቦታ፣ አባቴን በዓይኔ የማይበት መንገድ ይከፈታል። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

አባቴ ከፋ ውስጥ በአንድ የሻይ እርሻ ላይ የከርካሚዎች አለቃ ነበር። ሻይ ካልከረከሙት ዛፍ ይሆናል፤ ዛፍ ከሆነ ደግሞ ለቃሚዎቹ ሴቶች ጫፉ ላይ ያለውን ለጋ ቅጠል አይደርሱበትም። ስለዚህ አባቴ ኮረብታውን በሙሉ ወገብ ላይ አስተካክሎ እንደ ጠረጴዛ ያስከረክም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በሻይ መሀል የኖረ ሰው ግን ሻይ አይጠጣም። "ሻይ ለታመመና ለፈረንጅ ነው" ይላል። እሱ የሚጠጣው ቡና ነው፣ ያውም ያለ ስኳር።

ፈተናዬ ሲቃረብ ሳል ያዘው። እናቴ "ጅማ ወስደነው መድኃኒት ሰጥተውታል፤ እየተሻለው ነው" አለችኝ። ለመጨረሻ ጊዜ በስልክ ስንነጋገር ድምፁ ደከም ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ጨዋታው አልጠፋበትም።

"ፈተናውን ማለፍሽን ካንቺው አፍ ነው መስማት የምፈልገው" አለኝ። "ራስሽ ደውለሽ ትነግሪኛለሽ። እናትሽ ወሬ ስታቀብል ትጨምርበታለች።"

እናቴ ከጎኑ ሆና ስትስቅ ይሰማኝ ነበር። ራሴ እንደምነግረው ቃል ገባሁለት።

ከዚያ በኋላ በደወልኩ ቁጥር አባቴ አይገኝም። ወይ ተኝቷል፣ ወይ ጸበል ሄዷል። አንድ ጊዜ ከእናቴ ድምፅ ጀርባ የብዙ ሰው ጉርምርምታ ሰማሁና ምንድን ነው ብላት፣ "የእድር ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ እኛ ቤት ተሰብስበው ነው" አለችኝ። እድር በሥራ ቀን፣ በጠዋቱ፣ ሰው ቤት ምን ይሰበስበዋል ብዬ አልጠየቅኩም። ሰው ማመን የሚፈልገውን ነው የሚያምነው።

ፈተናውን አለፍኩ። ውጤቱን እንደሰማሁ ደወልኩ። እናቴ "እልል" አለች፤ እልልታው ግን ሳያልቅ ተቆረጠ። የደስታ እንባ ነው አልኩ። "በይ አባቴን አቅርቢልኝ" ስላት መስመሩ ጠፋ። የአገር ቤት ስልክ ነውና አልገረመኝም።

በማግስቱ ጋሼ ቤቴ ድረስ መጡ። ጋሼ በደርግ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወጥተው፣ ዕድሜያቸውን በሆቴል ወጥ ቤት ፈጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የማውቃቸው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ነበር።

"ለፈተናሽ ሽልማት" አሉኝ፣ "አገር ላሳይሽ ነው። በባቡር ዙሪክ እንሄዳለን፤ ከዚያ አድሊስቪል ያክስትሽን ልጅ ጠይቀን፣ አድረን እንመለሳለን።"

ይህን ሲሉኝ አባቴ ከተቀበረ ሰንብቷል። እስክትፈተን አይነገራት ተብሎ በጄኔቭና በአድሊስቪል መሀል ሲደዋወሉ ከርመዋል። መርዶ እንደሆነ በስልክ አይነገርም። ብቻዋን ለምትኖር ሴትም በር አንኳኩተው አይነግሯትም። ዘመድ ቤት፣ በልታ ካደረች በኋላ፣ በማለዳ ነው። እዚህ አገር ያለችኝ ዘመድ የአክስቴ ልጅ ብቻ ስለሆነች እኔ ነኝ ወደ መርዶው የተጓጓዝኩት። ይህ ሁሉ ወግ ነው፤ ክፋት የለበትም። እኔ ግን ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጋሼ ሐይቁ በሚታይበት በቀኝ በኩል፣ መስኮቱ ጋ አስቀመጡኝ። ሎዛንን አልፈን ባቡሩ ዳገቱን ሲይዝ ኮረብታው በሙሉ ወይን ሆነ። ከላይ ከመንገዱ እስከ ታች ውኃው ድረስ በድንጋይ ካብ እርከን እርከን ተሠርቶ፣ መደዳ በመደዳ ተተክሏል። በመደዳዎቹ መሀል ጎንበስ ያሉ ሰዎች ቅጠል ይመለምላሉ። ወይን መሆኑን አላጣሁትም። ነገር ግን አረንጓዴው ኮረብታውን ምንም ሳያስተርፍ መልበሱ፣ ሰዎቹም ከወገባቸው በላይ ብቻ መታየታቸው የልጅነቴን ሰፈር ፊቴ ድቅን አደረገብኝ።

"ጋሼ፣ ይህ እኮ የኛ አገር ነው!" ብዬ ተነሳሁ። ከፊት ለፊታችን ያሉት ተሳፋሪዎች ዞር ብለው አዩኝ። ግድም አልሰጠኝ።

ከዚያ ወዲያ አፌ አልተዘጋም። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከሻዩ ላይ ሳይነሳ ለቃሚዎቹ እየዘፈኑ ሲገቡ፣ ድምፃቸው እንጂ እነሱ እንደማይታዩ ነገርኳቸው። አባቴ ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ሲሮጥ እሱ ብቻ እንደማይሮጥ፣ "ሻዩ ቆሞ እየተመታ እኔ ምን ሆኜ እሮጣለሁ" እንደሚል ነገርኳቸው።

"አባቴ ይህን ቢያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደሆነ ያውቃሉ?" አልኳቸው። "'ይህን ሁሉ ካብ ማን ካበው?' ነው የሚለው። ቆይ፣ ልደውልለትና ልንገረው። ማለፌንም ገና አልነገርኩትም።"

ስልኬን አወጣሁ። ጋሼ ከእጄ ወሰዱት። አልነጠቁኝም፤ ልጅ የያዘውን ቢላዋ ቀስ ብለው እንደሚወስዱት ነው የወሰዱት።

"አሁን ዋሻ ውስጥ እንገባለን፣ ይቆረጥብሻል" አሉኝ። "ይልቅ ፎቶ ላንሳሽ።"

ኮረብታውን ከኋላዬ አድርገው አነሱኝ። የመጀመሪያው ደብዝዞ ስለወጣ ደግመው አነሱኝ። ፎቶው አሁንም አለኝ፤ ጥርሴ ሁሉ ይታያል። ዋሻው እውነትም መጣ። ስልኩን ኮታቸው ኪስ ከተቱት፤ ሌላ ወሬ ስንጀምር እኔም ረሳሁት።

ከዋሻው በኋላ ጋሪ የሚገፋ ሻጭ መጣና ጋሼ ሻይ ገዙልኝ። የወረቀት ስኒ ውስጥ ክር ያለው ከረጢት ተነክሯል። ከረጢቱን በጥፍሬ ቀድጄ ውስጡን አሳየኋቸው። "ይመልከቱ፣ ይህ ብናኝ ነው። አባቴ ጥራጊ ነው የሚለው።" ጋሼ ብናኙን እያዩ ቆዩና መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ጠረጉ። ዓይናቸው ለምን እንደቀላ ስጠይቃቸው የባቡሩ ማቀዝቀዣ ነው አሉ። እኔም ሽማግሌ እንዴት እንደሚያዝ የተመረቅኩ ነኝና ሻርፔን አውልቄ አንገታቸው ላይ ጠመጠምኩላቸው።

ዙሪክ ወርደን ወደ አድሊስቪል በምትሄደው ትንሽ ባቡር ተሳፈርን። የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ፎቅ ደረጃ ላይ፣ ከታቿ የሚኖሩት የአገሬው ሴትዮ ቆመው አገኘናቸው። ሲያዩኝ ሁለት እጄን ያዙና በጀርመንኛ ዝግ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እኔ የጄኔቭ ሰው ነኝ፣ የማውቀው ፈረንሳይኛ ነው፤ ጀርመንኛ አልሰማም። የአክስቴ ልጅ ፈተና ማለፌን ነግራቸው እንኳን ደስ ያለሽ የሚሉኝ መሰለኝ። ሳቄን ለቅቄ "መርሲ! መርሲ!" አልኳቸው። ሴትዮዋ እጄን ለቀቁና ጋሼን አዩ። ጋሼ ደረጃውን አዩ።

"የዙሪክ ሰው እንኳን ደስ ያለሽ ሲል ያለቅሳል እንዴ?" ብዬ ቀለድኩ። የሳቀልኝ አልነበረም።

የአክስቴ ልጅ ዶሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። ዓይኗ አብጧል፤ የዶሮ ሽንኩርት እኮ ነው አለች። የሞተው አጎቷ ነው፤ ያሳደጋት እሱ ነው። የሷም ሐዘን ነበር፤ ዋጥ አድርጋ ታጎርሰኛለች። በቃኝ ስል "ብዪ፣ ለኔ ስትይ ብዪ" ትላለች። ለአባቴ ልደውል ስል ስልኬ ጋሼ ጋ ቀርቷል፣ እሳቸው ደግሞ ሌላ ሰው ቤት ለማደር ሄደዋል። የሷን ስልክ ብጠይቃት ሂሳብ የለውም አለችኝ። ጠግቤ፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

የነቃሁት በኮቴ ድምፅ ነው። ብዙ ሰው እንዳይሰማበት ተጠንቅቆ ጫማውን ሲያወልቅ የሚያሰማው ድምፅ። ሳሎን ስገባ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ግድግዳውን ታከው ቆመዋል። ከሌላ ከተማ፣ ከቪንተርቱር ሳይቀር የመጡ አሉ። ጋሼ መሀላቸው ናቸው፤ ሻርፔን እንዳሰሩ ነው።

"ማን ነው?" አልኩ።

"አባትሽ" አሉ ጋሼ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውሰውም። የጮህኩት ትዝ ይለኛል። እሑድ ነበር፤ በዚያ አገር እሑድ ጠዋት ጠርሙስ ገንዳ ውስጥ መጣል እንኳ ነውር ነው። እኛ ግን ቤቱን በለቅሶ አናጋነው፤ በር የመታብን የለም።

ቀትር ላይ ከታች ያሉት ሴትዮ ኬክና ሻማ ይዘው መጡ። ለአክስቴ ልጅ ረዘም አድርገው ተናገሩ፤ እሷም አቀርቅራ ተረጎመችልኝ።

"ትናንት ደረጃው ላይ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው ብዬሽ ነበር ትላለች። ስትስቂ ያለ ጊዜው የተናገርኩ መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ ስጨነቅ ነበር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ ትላለች።"

"ትናንት በምን አወቁ?"

"እኔ ነኝ የነገርኳት" አለች የአክስቴ ልጅ። "ጠዋት ለቅሶ ስለሚኖር እንዳትደነግጥ ብዬ። እንግዳዋ ገና እንደማታውቅ ግን መንገር ረሳሁ። እዚህ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ሰው የአባቱን ሞት ሳያውቅ ይመጣል ብላ በምን ታስብ?"

የአባቴን ሞት ለማላውቃት ጎረቤት ቀድመው ነገሩ። ለኔ ግን ዶሮ አበሉኝ። የዚያን ቀን ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ነው ያቆመኝ።

ስመለስ የሸኙኝ ጋሼ ናቸው። እስከ በርን አላናገርኳቸውም። ከበርን በኋላ ግን አልቻልኩም።

"ያን ሁሉ ሳወራ እንዴት ዝም አሉኝ?" አልኳቸው። "እንደ ሞኝ አስቀመጡኝ።"

ጋሼ አልተቆጡም። "እኔን የእናቴን ሞት ያረዱኝ በስልክ ነው" አሉ። "ወጥ ቤት ነበርኩ፣ ካሮት እየከተፍኩ። ስልኩን ዘግቼ ካሮቱን ጨረስኩ፤ ምን ላድርግ፣ ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል። ባንቺ ላይ ያ እንዳይደርስ ብዬ ነው። ግን ይኸው አበላሸሁት።"

የሞተ ተጎዳ ይላሉ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ እዚያ ባቡር ላይ ካለነው ማን እንዳልተጎዳ እንጃ።

ከዋሻው ስንወጣ ሐይቁና የወይኑ ኮረብታ ባንዴ ተዘረገፉ፤ አሁን በግራ በኩል። ዓይኔን ልጨፍን ስል ጋሼ የመለሱልኝ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት። ተላቀስን። ትንሽ ስንረጋጋ ሳልጠይቃት መቆየት ያልቻልኩትን ጠየቅኳት።

"አልፋለች ሳይባል፣ ሳይሰማ ሄደ አይደል?"

"ሰምቷል" አለች። "ነግሬዋለሁ።"

"እኔ እኮ ያኔ ገና አልተፈተንኩም።"

"ደስ ብሎት እንዲሄድ ብዬ ነዋ ልጄ። ቀኑ ደርሶ ነበር። አልፋለች፣ ባንደኝነት አልፋለች አልኩት።"

"ምን አለ?"

ኮረብታው እያለቀ ነበር።

"እማዬ፣ ምን አለ?"

"'ታዲያ ራሷ ለምን አልደወለችልኝም?' አለ።"

"ምን ብለሽ መለስሽለት?"

"ስልኩ እምቢ ብሏት ነው አልኩት።"

ስልኬ በዚያ ሰሞን አንድ ቀንም እምቢ ብሎኝ አያውቅም።