የጠላቂው ገመድ

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ያገኘሁትን ሥራ ሁሉ እሠራ ነበር። ከደጀን በታች አንድ የጭነት መኪና ዓባይ ውስጥ ገባና ሹፌሩ ሰጥሞ ቀረ ተባለ። አስከሬኑን የሚፈልግ ፈረንጅ ጠላቂ ከአዲስ አበባ መጣ። እኔ ጀልባው ላይ ሆኜ በወገቡ የታሰረውን ገመድ እንድይዝ ተቀጠርሁ።

«ሦስት ጊዜ ስጎትተው ብቻ አውጣኝ» አለኝ በአስተርጓሚ። «እስከዚያ ማንም ቢያዝህ እንዳትስበው።»

ቀዛፊው እዚያው ወንዝ ዳር የተቀጠረ፣ ነጠላውን እስከ ዓይኑ የተከናነበ ሰው ነበር። ሙቀቱ እንዴት እንዳስቻለው እንጃ።

ፈረንጁ ሁለት ጊዜ ገብቶ ባዶ እጁን ወጣ። ለሦስተኛ ጊዜ እንደጠለቀ፣ ከላይ ዘንቦ ኖሮ ውኃው ደፈረሰ፤ መሙላትም ጀመረ። ገመዱ መዳፌን ላጠው።

«አውጣው እንጂ፣ ወንድሜ» አለ ቀዛፊው።

«ምልክት አልሰጠኝም።»

«ከሞተ በኋላ ነው ምልክት የሚሰጥህ?»

«ሹፌሩን ሳላገኝ አልሄድም ብሏል። እኔ የታዘዝሁትን ነው የምሠራ።»

ቀዛፊው መቅዘፊያውን አስቀምጦ መጣና ከእጄ በላይ ገመዱን ጨበጠ።

«አያገኘውም» አለኝ። «እስር ፈርቼ ተደብቄ ነው እንጂ ሹፌሩ እኔ ነኝ። በል ሳብ።»