መንገዱ ያለፈበት የመሪጌታ ቤት

ማዘጋጃ ቤት በረዳት ቀያሽነት የተቀጠርሁት በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ሥራ በጀመርሁበት ቀን የደብረ ማርቆስ ጭቃ ቁርጭምጭሚት ይውጥ ነበር። ከፍተኛ ቀያሹ ጋሽ አለኸኝ ቴዎዶላይቱን፣ ባለ ሦስት እግሩን የመለኪያ መነጽር፣ ተሸክመው ከፊት ሄዱ። እኔ ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም እንጨት፣ ችካሎቹንና መዶሻውን ይዤ ተከተልሁ። ሴት ቀያሽ አይቶ የማያውቅ የሰፈር ሰው በየበሩ ቆሞ ያየኛል።

«እንጨቱን ቀጥ አድርገሽ ያዢ» አሉኝ ጋሽ አለኸኝ። «ከዘመመ ንባቡ ይሳሳታል፤ ንባቡ ከተሳሳተ የአንዱ አጥር የሌላው ግቢ ውስጥ ይገባል።»

ምሳ ሰዓት ሲቃረብ አንዲት ሴት ደጇ ላይ ችካል ስንመታ አየችና መሬቷን ልንወስድባት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይዞሽ ልላት አፌን ስከፍት ጋሽ አለኸኝ በዓይናቸው ከለከሉኝ። ኋላ ለብቻዬ ሲያገኙኝ፣ የከተማውን ፕላን ሳላይ ለማንም አይዞሽ እንዳልል ነገሩኝ። እኛ የምንለካው ዛሬ ያለውን ነው፤ ነገ በቦታው ላይ የሚሆነው ፕላኑ ላይ ነው ያለው አሉኝ።

ዓመታት ሄዱ። ቀያሽ ሆንሁ፣ ከዚያም ከፍተኛ ቀያሽ። ከመስክ ስመለስ ባለይዞታዎችን የማስረዳው እኔ ነበርሁ። አብዛኛው ሰው ካርታውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ካርታ ካለኝ ቦታው ላይ የፈለግሁትን መሥራት እችላለሁ ብሎ ያምናል። ካርታው ግን ቦታው የማን እንደሆነ ነው የሚናገረው። ለምን እንደሚውል የሚናገረው ፕላኑ ነው።

ከአማኑኤል ከተማ መጥቶ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ቤት የገዛ አንድ የእህል ነጋዴ ትዝ ይለኛል። ግቢው ውስጥ ወፍጮ ሊተክል ፈቃድ ጠየቀ። ቦታው ለመኖሪያ ብቻ የተመደበ መሆኑን ስነግረው ካርታውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ ስሙን በጣቱ ያሳየኝ ጀመር። ስሙ ትክክል ነበር። የወፍጮ ድምፅና አቧራ ግን በአጥር አይቆምም፤ ከጎኑ ያለችው ጎረቤቱ አራስ ነበረች። ከመግዛቱ በፊት መጥቶ ቢሆን ወፍጮ የሚፈቀድበትን ሰፈር እናሳየው እንደነበር ነገርሁት። ሳይሰናበተኝ ወጣ። ቤቱን ሸጦ ሄደ ሲሉ ሰማሁ።

እንዲህ ያለውን ማስረዳት አይከብደኝም ነበር። የከበደኝ የመሪጌታ ጥበቡ ጉዳይ ነው።

አዲሱ መዋቅራዊ ፕላን ለሕዝብ አስተያየት አዳራሽ ውስጥ ሲዘረጋ እንዳስረዳ እኔ ተመደብሁ። የመጣው ሰው ጥቂት ነው። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሽማግሌ በዘንጋቸው ወለሉን እየነኩ ብቻቸውን ገቡ። መሪጌታ ጥበቡ የቅኔ መምህር ናቸው። ዓይናቸውን በልጅነታቸው ፈንጣጣ ወስዶታል። በሚያገለግሉበት ደብር አጠገብ፣ ጠባብ መተላለፊያ ዳር ባለች የጭቃ ቤት ከባለቤታቸው ከእትዬ ይታይሽ ጋር ይኖራሉ። ተማሪዎቻቸው በግቢው ዙሪያ ጎጆ ቀልሰዋል። ከቤታቸው ደብሩ ድረስ ያለ መሪ ይመላለሱ እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«ልጄ፣ ቤቴ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

እጃቸውን ይዤ ጣታቸውን የደብሩ ምልክት ላይ አሳረፍሁት፤ ከዚያ ቀስ አድርጌ ወደ ቤታቸው ወሰድሁት። ቤታቸው ያለበት ቦታ ላይ ሰፊ መንገድ ተሰምሯል። ነገርኋቸው። ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ወዲያና ወዲህ አስኬዱት።

«በእጅ አይታወቅም» አሉ። «መቼ ነው?»

መቼ እንደሆነ ፕላኑ አይናገርም። እሱንም ነገርኋቸው። ቅሬታቸውን በቃላቸው ሲናገሩ ጻፍሁና ለፕላን ኮሚቴው አቀረብሁ። መልሱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መጣ። መንገዱ መናኸሪያውን ከገበያው ያገናኛል፤ በዚያ መተላለፊያ የእሳት አደጋ መኪና አይገባም፤ መስመሩ ይታጠፍ ቢባል ከእሳቸው ቤት ይልቅ ብዙ ቤት ይነካል። ልኬቱን የሠራሁት እኔ ስለነበርሁ እውነት መሆኑን አውቃለሁ። መሪጌታም ምክንያቱን ሰምተው አልተከራከሩም።

ፕላኑ ጸደቀ። መንገዱ ግን በጀት ስላልነበረው አልመጣም። በመንገድ መስመር ውስጥ የገባ ቤት ደግሞ የእድሳት ፈቃድ አይሰጠውም። ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ የመሪጌታ ቤት ግድግዳ ሆዱን ገፋ፤ ቆርቆሮው ዛገ። እትዬ ይታይሽ ቢሮ መጥተው ምሰሶ ለመቀየር ፈቃድ ጠየቁ።

ኃላፊያችን አቶ ሞላልኝ ክፉ ሰው አልነበረም። ለአንድ ቤት ከፈቀድን ለመስመሩ ሁሉ መፍቀድ ይሆናል፤ ነገ በሚፈርስ ቤት ላይ ሰዎቹ ጥሪታቸውን ያፈሳሉ፤ ካሳውም ይንራል አለኝ። ተከራክሬ ያገኘሁት ምርጊት እንዲመረግና የሚያፈሰው ቆርቆሮ እንዲለጠፍ ብቻ ነው። ምሰሶና ማገር እንዳይነካ ተባለ። ይህን ለእትዬ ይታይሽ ስነግራቸው፣ «የሚወድቀው እኮ ምርጊቱ አይደለም» ብለውኝ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ተማሪዎቹ ግድግዳውን በባሕር ዛፍ ደገፉት። በአንደኛው ክረምት ያ ግድግዳ ከነድጋፉ ተናደ። ሰው አልተጎዳም። ከዚያ በኋላ ግን ተማሪዎቹ መሳሳት ጀመሩ። የሚፈርስ ግቢ ውስጥ አዲስ ጎጆ መቀለስም ክልክል ነው። ገሚሱ ወደ ደምበጫ፣ ገሚሱ ወደ ቁይ ሌላ መምህር ፍለጋ ሄደ። ጥቂቶች ቀሩ።

በጀቱ ሲመጣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ፈጠነ። ካሳ ተገመተ፤ ምትክ ቦታ በዕጣ ወጣ፤ የመሪጌታ ዕጣ ከተማው ጫፍ ላይ፣ በቅርቡ ከገበሬ ይዞታ ወደ ከተማ የተካለለ ሜዳ ላይ ወደቀ። ደብር አጠገብ እንዲፈለግላቸው አቶ ሞላልኝን ጠየቅሁት። አብረን መዝገቡን አየነው። ከተማው መሐል ለምትክ የሚሆን አንድም ባዶ ቦታ አልነበረም።

ቦታውን መሬት ላይ አሳይቶ ማስረከብ በእኛ ሥራ ምሪት ይባላል። ምሪቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አራቱን ችካል መታሁ፤ መሪጌታ አንድ ተማሪ እጃቸውን ይዟቸው ከችካል ወደ ችካል ሄደው እያንዳንዱን ዳሰሱት። መሐሉ ላይ ቆመው ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዞሩ።

«እስከ ዛሬ ያለ ምሪት ኖርሁ፤ ዛሬ ምሪት ሰጣችሁኝና መሪ የምሻ ሆንሁ» አሉ።

ተማሪው የመምህሩ ቃል ስለገባው ፈገግ አለ። እኔ ምሪት የሚለውን ቃል ለዓመታት በየቀኑ ስጠራው ኖሬያለሁ። መምራት የሚለው በውስጡ እንዳለ የሰማሁት ያን ቀን ነው። መዶሻዬን አንስቼ ወደ መኪናው ሄድሁ።

በአሮጌው ሰፈር የጠላ ቤቱ ሽታ፣ የአንጥረኛው መዶሻ፣ የፈረሰው ካብ መንገድ ያሳዩዋቸው ነበር። በአዲሱ ሰፈር ግን ሁሉም ቦታ እኩል፣ ሁሉም መንገድ ቀጥ ያለና ሰፊ ነው። እኔ የምኮራበት ዓይነት ሽንሸና ነበር። መሪጌታ አንድ ቀን ማልደው ብቻቸውን ወደ ደብሩ ወጡ፤ ሲመሻሽ አንድ ገበሬ እርሻው ውስጥ ሲዞሩ አግኝቶ መለሳቸው። ከዚያ በኋላ ብቻቸውን አልወጡም። የቀሩት ተማሪዎችም በየአቅጣጫው ሲሄዱ እሳቸው ቤት ዋሉ። በተከታዩ ክረምት ዐረፉ።

ለቅሶ ደረስሁ። እትዬ ይታይሽ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ይወቅሱኛል ብዬ ነበር፤ አልወቀሱኝም። ምን አሟቸው ነበር ብዬ ጠየቅሁ።

«ሕመምስ አልነበራቸውም» አሉኝ። «የሚያይላቸው እግራቸው ነበር። እዚህ ሲመጡ እግራቸውም ታወረ።»

የፈረሰው ቤት ቦታ ለረጅም ጊዜ ሣር በቅሎበት በግ ሲግጥበት ኖረ። ኋላ ኮብልስቶን ተነጠፈ። ጡረታ ስወጣ ባጃጅና አምቡላንስ ይመላለሱበት ነበር። መንገዱ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬም አያስፈልግም አልልም። በዚያ ሳልፍ ግን ቤቱ የነበረው የት ላይ እንደሆነ አውቃለሁ።

ቤት ወይም ቦታ ያላችሁ ሰዎች፣ ካርታችሁን በማየት ብቻ አትወሰኑ፤ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ፕላኑን እዩ። ቦታው ለምን እንደተመደበ፣ ምን መንገድ እንደሚያልፍበት፣ ምን ያህል ፎቅ እንደሚፈቀድ ከመግዛታችሁና መሠረት ከመቆፈራችሁ በፊት ጠይቁ። ፕላን ለአስተያየት ሲቀርብ ሂዱ፤ ከጸደቀ በኋላ የሚቀየረው ጥቂት ነው።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው። ምትክ ቦታ ስትሰጡ ካሬ ሜትሩን ከለካችሁ በኋላ ሰውየው በየቀኑ የት እንደሚሄድና በምን እንደሚሄድ ጠይቁት። ደንቡ ይህን ጠይቁ አይልም። አትጠይቁ ብሎም አይከለክልም።