ያልተገዛው ጠመንጃ

ባለቤቴ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ለራሱ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአደን ጠመንጃ እንድንገዛ። ዋጋውን አያወጣም አልኩት። እሱ ካረፈ ዓመት አልፎታል፣ እኔ ግን ዛሬም ያንን ዋጋ እየተመንኩ ነው። ይህንን የምጽፈው በቀን አምስት ስድስት መስመር እያልኩ ነው። ከዚያ በላይ ስሄድ እጄ ይደክመኛል፤ ወይም እጄ ነው እያልኩ እተወዋለሁ።

ሒሳብ አስተማሪ ነበር። የተወለደው ግን አዳኞች ቤት ነው። አባቱ በረሃ አፋፍ ላይ የሚኖሩ፣ በአደን የታወቁ ሰው ነበሩ። ሲሞቱ ጠመንጃቸው ለታላቅ ወንድሙ ሆነ፤ ባለቤቴን አስቀድመው ትምህርት ቤት ልከውት ነበር። «ለታላቄ ጠመንጃ፣ ለእኔ እስክሪብቶ ደረሰን» ይል ነበር፤ ሲለው ቅር ያለው አይመስልም። በአገራቸው ወንድ ሲሞት ጠመንጃው ለቅሶ ላይ ይወጣል። አንድ ዘመድ አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ያነግተውና በለቀስተኛው መሃል ይመላለሳል፤ ሌላው ኮቱን ይይዛል፤ አልቃሿም ያንን እያየች ትገጥማለች። ሰውየው ሩቅ አገር ሞቶ እዚያው ቢቀበር እንኳ ኮቱና ጠመንጃው ወደ ተወለደበት ይሄዳሉ፤ በእነሱ ላይ ይለቀሳል። የእኔ ወላጆች የአዲስ አበባ ሰዎች ስለነበሩ ይህን የሰማሁት ከእሱ ነው፤ የሰማሁትም እንደ ጨዋታ ነው።

የጠመንጃው ነገር የመጣው ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ነው። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ፈርሶ ቂርቆስ ሁለት ክፍል ተከራይተናል። ልጅ አልወለድንም፤ ያለን ለኮንዶሚኒየም ብለን ስናጠራቅም የኖርነው ገንዘብ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ደምበል አጠገብ ሻይ ልጋብዝሽ አለኝ። እሱ ቤት ውስጥ ሻይ እያለ ውጭ ከፍሎ የሚጠጣ ሰው አይደለም፤ የሆነ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ወሎ ሰፈር አንድ ሽማግሌ የአደን ጠመንጃቸውን ሊሸጡ ነው» አለ፣ ስኳሩን እያማሰለ። «ወረቀቱ የተሟላ ነው። በሕግ ይዛወራል።»

«ምን ልታደርግበት?»

«ላድንበት ነዋ።»

«ምን? የቂርቆስን ድመት?»

ሳቀ። «ከርከሮ። ወንድሜ ማሽላዬን ጨረሰብኝ እያለ ነው። በዓመት አንዴ እየሄድኩ...»

ዋጋውን ሲነግረኝ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። የሦስት ዓመት የቤት ኪራያችን ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ለዚህ ብር ከርከሮው ራሱ ማሽላ ገዝቶ ይበላል» አልኩት። «ደግሞስ የት ልትሰቅለው ነው? አከራያችን ምስማር እንዳንመታ ከልክላናለች።»

«ታዲያ እኔ ስሞት ምን ሊይዙልኝ ነው? ጠመኔ?» አለኝ።

ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። አስተናጋጇ ዞራ አየችን። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ቢሆንም ሳላይ እምቢ አልልም ብዬ አብሬው ወሎ ሰፈር ሄድኩ። ሽማግሌው ለአደን የሚመጡ የውጭ እንግዶችን እየመሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን አንድ ዓይናቸው በሞራ ተጋርዷል። ጠመንጃውን ከብረት ሣጥን አውጥተው ብርድ ልብሱን ሲገልጡት ክፍሉ የዘይት ሽታ ሸተተ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ሰደፉ ጠቆር ያለ ቡናማ እንጨት ነው፤ የእንጨቱ መስመር እንደ ውኃ ይሄዳል። ከላዩ ረጅም መነጽር ተገጥሞለታል።

«ይሄ ነገር ከእኔም ከእርስዎም ዕድሜ በላይ ይኖራል» አሉኝ ሽማግሌው። «ጥይት አያባክንም። እመቤት፣ ዋጋው ውድ ነው፣ አልዋሽዎትም። ግን ውድ ነገር አንዴ ነው የሚያስለቅሰው፤ ርካሹ ነው በየዓመቱ የሚያስለቅስ።»

«ለእኛ ብርቁ ቤት ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ባለቤቴ አልሰማንም። መሐረቡን አውጥቶ ሁለቱንም እጁን ጠረገና ጠመንጃውን ተቀበለ። አነጣጥሮ ያያል ብዬ ስጠብቅ አገላበጠው፤ አፈሙዙን ወደ ታች ዘቅዝቆ ትከሻው ላይ አነገተው። ከዚያ ከአልጋው እስከ በሩ ሦስት አራት እርምጃ ሄደ፣ ተመለሰ። ቀስ ብሎ ነው የሄደው።

ሽማግሌው ደነገጡ። «ኧረ መምህር! እንደሱ የሚያዘው ለሞተ ሰው ነው። ምን የሚሉት ሟርት ነው?»

«ክብደቱን ልየው ብዬ ነው» አለ፤ አውርዶም መለሰላቸው። ፊቱ ቀልቶ ነበር። እኔ አፈርኩለት። ከማፈር ሌላ ነገር ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም።

ወደ ቤት በእግራችን ነው የተመለስነው። መንገዱን ግማሽ ያህል እንደሄድን «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ። ምስማሩን፣ ኪራዩን፣ ዕጣው የወጣልን ቀን ቅድመ ክፍያ ብናጣ የሚሆነውን ሁሉ ደርድሬ ይዤ ነበር።

«ዋጋውን አያወጣም» አልኩት።

«እሺ» አለ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ቢከራከረኝ ኖሮ የደረደርኩትን እነግረው ነበር፤ ቢከራከረኝ ምናልባት እሸነፍለት ነበር። ማታ ሳይሆን በማግስቱ ጠዋት ቁርስ እንደበላን «ለሰውየው ደውዬ ልንገራቸው» ብሎ ስልኩን ይዞ ደጅ ወጣ። ብዙ ቆየ። አለመግዛትን ለመናገር ይህን ያህል ምን ያስቆያል ብዬ ገርሞኝ ነበር። ሲገባ ፊቱ ፈካ ብሎ ስላየሁት፣ ነገሩ ወጣለት ብዬ ደስ አለኝ።

ከሰባት ወር በኋላ ሆዱን ያመው ጀመር። ያን ጊዜ ወሎ ሰፈር በዚያ ክፍል ውስጥ ሲመላለስ የሚያውቀው ነገር ነበር ወይ? አላውቅም። አያውቅም ነበር ብዬ ማመን እፈልጋለሁ። ለቤት ያልነው ገንዘብ በምርመራ፣ በመርፌና በአልጋ አለቀ። ቤቱም አልደረሰን፣ ጠመንጃውም አልተገዛ፣ እሱም አልዳነ።

የካዛንቺስ ዕድራችን አባሎች በየአቅጣጫው ቢበተኑም መጥተው ቂርቆስ ድንኳን ጣሉልኝ። በሦስተኛው ቀን ታላቅ ወንድሙ ከሁለት የአጎት ልጆች ጋር ከአገር ደረሰ። ካለቀስን፣ እህል ከቀማመሱ በኋላ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«እታለም» አለኝ። «እኛ ነገ ማለዳ እንነሳለን። ለቅሶው እሁድ ነው፣ አገሩ ተጠርቷል። ኮቱንና ፎቶውን አዘጋጂልን። ጠመንጃውንም።»

«የምን...» ብዬ ጀመርኩና አቆምኩ።

«ያንን መነጽር ያለውን። ወረቀቱም አብሮት ይሁን፣ መንገድ ላይ ይጠይቁናል።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ይናገር ጀመር። «ወሎ ሰፈር ከአንድ ሽማግሌ ገዛሁ ብሎ የደወለልኝ ጠዋት፣ ማሽላው ውስጥ ቆሜ ነበር። 'እሷ ናት ግዛ ያለችኝ' አለኝ። ለራሷ ቤት የላት፣ ለባሏ ጠመንጃ ግዛ የምትል ሴት! እናታችን ያን ቀን ተነስተው ቆመው ነው የመረቁሽ።»

«የእኔዋ እንኳን ጠመንጃ ባትሪ ስገዛ ሳምንት ታኮርፋለች» አለ አንደኛው የአጎት ልጅ። በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሳቀ።

እኔ ግን ያንን ጠዋት እያየሁ ነበር፤ ስልኩን ይዞ ደጅ የቆየበትን፣ ፈክቶ የገባበትን። አንድ ጊዜ እንኳ ዋሽቶኝ የማያውቅ ሰው ነው። ለእነሱ ዋሸ። ሲዋሽም እኔን የፈቀደች አደረገኝ።

እውነቱን ብናገር እሁድ የሚሰበሰበው አገር ሁሉ የሚሰማው ስለ ውሸታም ነው፤ እናቱም የሚያለቅሱት በውሸታም ልጃቸው ላይ ነው። ጠፋ ብል ፖሊስ ዘንድ እንሂድ ይላሉ። አፌ ሳልመክርበት ተናገረ።

«ሸጥኩት።»

«ምን አልሽ?»

«ሸጥኩት፣ ጋሼ። ለሕክምናው።»

ረጋ ብሎ «እሱ እያወቀ?» አለኝ።

እያወቀ ብል ለምን አልነገረንም ይላል፤ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ በስልክ ያወሩ ነበር። «አያውቅም» አልኩ። «ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው።»

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ዱላውን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። «ብትነግሪን በሬ እንሸጥ ነበር» አለ። «ሁለት በሬ አለኝ።»

ቅድም የቀለደው የአጎት ልጅ መሬት መሬት ያይ ነበር። ጎረቤቶቼ፣ ጠመንጃ ቤታችን ገብቶ እንደማያውቅ የሚያውቁት እንኳ፣ አንድም ሰው አልተነፈሰም። እግዜር ይስጣቸው።

በማግስቱ ኮቱን አጥፌ ፎቶውን በመካከሉ አድርጌ ሰጠሁት። ሲመጣ አቅፎኝ ያለቀሰው ሰው ሲሄድ እንደ መንገደኛ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎኝ ወጣ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ልሸኛቸው ብዬ ነጠላዬን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

ሰኞ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ምስር እየለቀምኩ ስልኬ ጠራ። የዚያ የአጎት ልጅ ሚስት ናት፣ ባትሪ ሲገዛ ታኮርፋለች የተባለችው። ልታጽናናኝ ነው የደወለችው። ለቅሶው እንዴት እንደነበር ጠየቅኋት። አገር ምድሩ መጥቷል አለች። አንድ ሰው የራሱን ጠመንጃ ላውስ ቢል ታላቅ ወንድሙ «የሰው ጠመንጃ በወንድሜ ላይ አይያዝም» ብሎ ከለከለ። ኮቱን ብቻ ይዘው ዞሩ።

«አልቃሿስ ምን አለች?»

«ተይው እባክሽ፣ ምን ያደርግልሻል።»

«ንገሪኝ።»

«እንዳትቀየሚኝ» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ፦

ጠመንጃው ተሽጦ ለመርፌ ለክኒኑ፣
ባዶ ትከሻውን ሸኘነው በቀኑ።

«ስምሽን አላነሳችም» አለች ቶሎ ብላ። «ግን ሰው ሁሉ አውቋል። ሴቶቹማ ምን ያላሉት አለ! እናትየውም... ተይው፣ አርጅተዋል፣ የሚናገሩትን አያውቁም። አዘንሽ እንዴ?»

አዝኛለሁ። ያ ምርቃት ሲሰጠኝ አልሰማሁትም፤ ሲነሳብኝ ግን ሰማሁት፤ ሁለቱም የእኔ አልነበረም። እኔ ባለቤቴን የከለከልኩት ነገር ሌላ ነው፣ የተወቀስኩበት ሌላ። ግን ግጥሙን በልቤ መልሼ ስለው አንድ ነገር ገባኝ። የተሸጠ ጠመንጃ አስቀድሞ የተገዛ ጠመንጃ ነው። በአገሩ ሰው አፍ የእኔ ባል ጠመንጃ የነበረው ሰው ነው፤ የወሰደችበትም ሚስቱ ናት። እናቱ ያለቀሱት በውሸታም ላይ አይደለም።

ያኔ በመንገዱ ግማሽ ላይ ምን ትያለሽ ሲለኝ ይህን ባውቅ ኖሮ፣ የሦስት ዓመት ኪራይ ቀርቶ የስድስትም ቢሆን ግዛው እለው ነበር። በዓመት አንዴ ከርከሮ ያባርርበት፣ ወይም አንድም ቀን ሳይተኩስበት ብርድ ልብስ ጠቅልሎ አልጋችን ሥር ያስቀምጠው። ገንዘቡ እንደሆነ ያው በመርፌና በክኒን ያለቀ ነው።

«እስኪ አንዴ ድገሚልኝ» አልኳት።

«ምን ብዬ ልድገመው፣ እቴ? እኔም ሰቀጠጠኝ።»

«ድገሚልኝ።»

ደገመችው። በሁለተኛው ዜማውን ሳታስበው አመጣችው፣ አልቃሿ እንዳለችው አድርጋ። ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃት ካርዷ አለቀ፤ እኔ መልሼ ደወልኩላት።